ሶቭሪን ሂል፦ ስለ ባላራቱ የወርቅ ማዕድን ሙዚየም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሜልበርንና በአካባቢዋ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችና ለእንግዶቻቸው የተዘጋጀ፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሶቭሪን ሂል ምንድን ነው?

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት፣ በባላራት ከተማ፣ ጎልደን ፖይንት በሚባለው ሰፈር የሚገኝ ከቤት ውጭ የሚጎበኝ ሙዚየም ነው። 25 ሄክታር በሚሆን ኮረብታማ ቦታ ላይ ከ60 በላይ ቤቶች፣ የወርቅ ቆፋሪዎች የድንኳን ሰፈር፣ የማዕድን ጉድጓዶችና በእንፋሎት የሚሠሩ ማሽኖች አሉት። የሚያሳየው ባላራት ውስጥ ወርቅ ከተገኘበት ከ1851 ጀምሮ ያለውን አሥር ዓመት ገደማ ነው። በእኛ አገር ያ ጊዜ ዘመነ መሳፍንት አብቅቶ አፄ ቴዎድሮስ የተነሡበት ነበር። ሙዚየሙ ለሕዝብ የተከፈተው ኖቬምበር 29 ቀን 1970 ነው።

በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተደረደረ ዕቃ እያዩ የሚያልፉበት ቦታ አይደለም። ቀጥቃጩ ይቀጠቅጣል፣ ከረሜላ ሠሪው ስኳር ያፈላል፣ ፈረሶች ሠረገላ ይጎትታሉ። ስለዚህ ሮጥ ሮጥ ብሎ ሁሉንም ለማዳረስ ከመሞከር ሦስት አራት ቦታ ቆሞ አንድን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መመልከት ይሻላል።

እንዴት ይኬዳል? ምን ያህል ጊዜ ይበቃል?

ባላራት ከሜልበርን በስተምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በመኪና በዌስተርን ፍሪዌይ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። በባቡር ለሚሄድ የቪላይን ባቡር ከሳዘርን ክሮስ ይነሣል፤ ፉትስክሬይና ሰንሻይን የሚኖር ሰው ወደ መሀል ከተማ መግባት ሳያስፈልገው ከዚያው መሳፈር ይችላል። ከባላራት ጣቢያ እስከ ሙዚየሙ የከተማ አውቶቡስ አለ።

ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይመድቡ። የመክፈቻ ቀንና ሰዓት እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ ከመነሣትዎ በፊት የሙዚየሙን ድረ ገጽ ይመልከቱ። በር ላይ እንደደረሱ መጀመሪያ የዕለቱን መርሐ ግብር ይያዙ። ወርቅ የሚቀለጥበት፣ ወታደሮቹ የሚሰለፉበትና በአስጎብኚ ወደ ማዕድኑ የሚወረድበት ሰዓት የተወሰነ ነው፤ ቀኑን በእነዚህ ዙሪያ ካላቀዱ ሁለቱ በአንድ ሰዓት ይገጥሙብዎታል። መንገዱ አስፋልት አይደለም፣ ዳገትም አለው። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ስለሆነ የተሸፈነ ጫማ ያድርጉ። ባላራት ከባሕር ወለል 435 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ ከሜልበርን ትቀዘቅዛለች፤ ፀሐይ አይቶ ጃኬት ጥሎ የሚመጣ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ይጸጸታል።

ቤቶቹ የዱሮዎቹ ናቸው ወይስ አዲስ የተሠሩ?

አብዛኞቹ አዲስ ናቸው። ዋናው መንገድ የተሠራው በ1850ዎቹ የባላራት ምሥራቅ ዋና መንገድ በነበረው አምሳያ ነው። የያኔዎቹ ሱቆችና ሆቴሎች ከእንጨትና ከሸራ የተሠሩ፣ አንዱ ከሌላው የተጣበቁ ስለነበሩ አንዱ ቤት እሳት ሲነሣበት መንደሩ ሁሉ ይያያዝ ነበር። በተደጋጋሚ ቃጠሎ ጠፍተዋል። የሙዚየሙ ባለሙያዎች የቤቶቹን መልክ ያገኙት በዘመኑ ባላራትን ከሣሉት እንደ ኦይገን ፎን ጌራርድና ኤስ ቲ ጊል ካሉ ሠዓሊዎች ሥራ፣ ከቀደምት ፎቶግራፎችና ከጋዜጣ ማስታወቂያዎች ነው።

አንድ ነገር ልብ ብለው ይዩ፦ ብዙዎቹ ሱቆች ከፊት ለፊት ባለ ሁለት ፎቅ ይመስላሉ፣ በጎን ሲዞሩ ግን ከኋላ ዝቅ ያለ ተራ ጎጆ ነው። ይህ የሙዚየሙ አቋራጭ መንገድ ሳይሆን የዘመኑ ነጋዴ አሠራር ነው። ወርቁ ነገ ካለቀ ሰው ሁሉ ነቅሎ ይሄዳልና ገንዘቡን ደንበኛ በሚያየው ገጽ ላይ ብቻ ያፈስስ ነበር።

ቤቱ አዲስ ቢሆንም በውስጡ ካሉት ዕቃዎች ብዙዎቹ የዘመኑ ናቸው፤ ማሽኖቹ፣ ሠረገላዎቹ፣ የማተሚያ ቤቱ መሣሪያዎች። የሚሠራውም ሥራ የምር ነው። ግድግዳውን «አስመስለው ሠርተውታል» ብሎ የሚያልፍ ሰው ውስጥ ያለውን ትልቁን ነገር ያጣዋል።

የዱሮ ልብስ የለበሱት ሰዎች ተዋናዮች ናቸው? ማነጋገር ይቻላል?

የተወሰኑት ተዋናዮች፣ ብዙዎቹ የእጅ ባለሙያዎችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ማነጋገር ይቻላል፤ የቆሙትም ለዚሁ ነው። «ይህ ምንድን ነው?» ከማለት «ይህ ሲበላሽ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ቢጠይቁ የሚያገኙት መልስ ሌላ ነው። ባለሙያ ስለ ስህተት ሲጠየቅ ይፈታል። እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው እናትና አባት ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ቀጥቃጩ፣ መንኮራኩር ሠሪውና ከረሜላ ቤቱ አስተርጓሚ አይሹም፤ እጁን ማየት ይበቃል።

ጎብኚዎች አፈር በሳህን እያጠቡ ወርቅ ከሚፈልጉበት ጅረት የሚገኘው ወርቅ እውነተኛ ነው? ይዞ መሄድስ ይፈቀዳል?

እውነተኛ ነው፣ ያገኙትም የእርስዎ ነው። ነገር ግን ጅረቱ ዛሬ ከተራራ ወርቅ እያጠበ አያመጣም፤ ሙዚየሙ ራሱ በየጊዜው የወርቅ ቅንጣት ይጨምርበታል። ሬድ ሂል ገሊ የሚባለው ይህ ቦታ ከመግቢያ ትኬቱ ጋር የተካተተ ሲሆን ማጠቢያ ሳህንና አካፋ እዚያው ይገኛል። የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የሰሊጥ ፍሬ ሩብ የማይሞላ ቅንጣት ነው። ለሽያጭ አይሆንም፤ ልጅ ግን ለዓመታት ያስቀምጠዋል። ክዳን ያላት ትንሽ ብልቃጥ ይያዙ።

ከሙዚየሙ ውጭ በቪክቶሪያ የመንግሥት መሬት ላይ ወርቅ መፈለግ የሚሻ ሰው «ማይነርስ ራይት» የሚባል ፈቃድ ማውጣት አለበት። አንድ ጊዜ ከወጣ ለ10 ዓመት ያገለግላል። የግል መሬት ላይ ደግሞ የባለቤቱ ፈቃድ ይጨመራል፤ ብሔራዊ ፓርኮች በአብዛኛው የተከለከሉ ናቸው። ይህ ፈቃድ ከየት እንደመጣ ከታች ስለ ወታደሮቹ በተጻፈው መልስ ያገኙታል።

አጥበን አጥበን ምንም አላገኘንም። ስህተታችን ምኑ ላይ ነው?

ሥራው እህል እንደማንገዋለል ነው። እናቶቻችን በሰፌድ ላይ ጠጠርን ከእህል የሚለዩበት ዘዴ እዚህ በውሃ ውስጥ ይሠራል። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፤ ተራ ነጭ አሸዋ ግን ሁለት ተኩል እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እርጥቡ አሸዋ ሲናወጥ ወርቁ ወደ ታች ይሰምጣል። ያን ዕድል ካልሰጡት ከአሸዋው ጋር ይፈስሳል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። አፈሩን ከላይ ከላይ ሳይሆን ከሥሩ፣ ከትልልቅ ድንጋይ ሥርና ከስንጥቅ ውስጥ ይዛቁ። ሳህኑን ከግማሽ በላይ አይሙሉ። ውሃ ውስጥ አስገብተው ጭቃውን በእጅዎ ይሹ፤ የጭቃ እንክብል ሳይፈርስ ከተጣለ ወርቁን ጠቅልሎ ይዞት ይሄዳል። ትልልቁን ድንጋይ አጥበው ያውጡ። ከዚያ ሳህኑን ውሃ ውስጥ እንዳለ ግራና ቀኝ በፍጥነት ይነቅንቁት፣ ለዐሥር ሴኮንድ ያህል። አሁን ወደፊት ዘንበል አድርገው ውሃው የላይኛውን አሸዋ ብቻ ላስ አድርጎ እንዲወስድ ያድርጉ። ደግመው ይነቅንቁ፣ ደግመው ያፍስሱ። በመጨረሻ ሁለት የሻይ ማንኪያ የምታክል ጥቁር አሸዋ ስትቀር ትንሽ ውሃ ጨምረው በእርጋታ ያዙሩ፤ ጥቁሩ ሲገፋ ቢጫው ከኋላው ይቀራል።

የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው መቸኮል ነው፤ ሳይነቀንቁ ማፍሰስ። ሁለተኛው ጥቁሩን አሸዋ ቆሻሻ መስሏቸው መጣል ነው፤ እሱ ራሱ ከባድ የብረት ማዕድን ስለሆነ ወርቁ ያለው ከእሱ ጋር ነው። ሦስተኛው ቅባት ነው። ክሬም የተቀባ ወይም ድንች ጥብስ የበላ እጅ ውሃውን ያቀባዋል፤ ደቃቅ ወርቅ ቅባት ሲነካው ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል። ሳህኑንም እጅዎንም መጀመሪያ በአሸዋ ፈተግ ያድርጉ። ቅንጣቱን ለማንሣት የደረቀ ጣት ጫፉን ያስነኩት፣ ይለጠፋል፤ ከዚያ ውሃ የሞላች ብልቃጥ ውስጥ ጣትዎን ሲነክሩ ይወርዳል።

የሚያብረቀርቀው ወርቅ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጥላ ያድርጉበት። ወርቅ በጥላም በፀሐይም ያው ቢጫ ነው። ሚካ የሚባለው ስስ ቅጠል መሳይ ማዕድን በፀሐይ ያብለጨልጭና ጥላ ውስጥ ይጠፋል፤ ውሃውም በቀላሉ ይወስደዋል። ፓይራይት የሚባለው ወርቅ መሳይ ማዕድን ደግሞ ማዕዘን አለው፣ በመርፌ ሲጫኑት ይሰበራል። ወርቅ አይሰበርም፣ ይጎደጉዳል ወይም ይጠፈጠፋል።

ከጅረቱ ዳር የተደረደሩት የእንጨት መሣሪያዎች ምን ይሠሩ ነበር?

ሳህን ለመፈተሽ እንጂ ለመተዳደር አይበቃም። እንደ ሕፃን አልጋ የሚወዛወዘው ሣጥን ወንፊትና ከሥሩ የተጋደሙ ጣውላዎች አሉት፤ አንዱ አፈር ይጨምራል፣ አንዱ ውሃ ያፈስሳል፣ አንዱ ያወዛውዛል፣ ወርቁ ጣውላዎቹ ጥግ ይቀራል። በክብ ቦይ ውስጥ ፈረስ የሚዞርበት ትልቁ መሣሪያ የባላራትን ድርቅ ያለ ሸክላ አፈር ለመበጥበጥ የመጣ ነው። ውጤታማ ነበር፤ ግን የሚለቅቀው ጭቃ ጅረቶቹን ደፍኖ ታች ያሉትን ገበሬዎች አስለቅሷል።

በጉድጓድ አፍ ላይ የተጋደመው ባለ እጀታ ግንድ ባልዲ መጎተቻ ነው። ባላራት ውስጥ ብዙው ወርቅ ያለው ላዩ ላይ ሳይሆን በጥንት ወንዞች አልጋ ላይ ነበር፤ እነዚህን ወንዞች አፈርና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀብሯቸዋል። መጀመሪያ ላይ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ቦታ 8 ጫማ በ8 ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ተኩል በ2 ሜትር ተኩል እንኳ የማይሞላ ነበር። ያን ይዞ ብዙ አሥር ሜትሮች ወደ ታች ለመቆፈር ወራት ይፈጃል፣ ለብቻም አይቻልም። ቆፋሪዎች ማኅበር የገቡት፣ በፈረቃ የሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ጎረቤቱ ወርቅ ሲያገኝ የእነሱ ጉድጓድ ከወንዙ አልጋ አንድ ሜትር አልፎ ወርዶ ባዶውን የቀረባቸው ብዙ ናቸው።

ወርቅ ሲቀለጥ የሚታየው እውነተኛ ወርቅ ነው?

አዎ፣ 3 ኪሎ ንጹህ ወርቅ ነው፤ ያው አንዱ ወርቅ እየቀለጠ በየጊዜው ይታያል። መጠኑን ሲያዩ ይገረማሉ፤ 3 ኪሎ ወርቅ ከቀለጠ ሁለት የቡና ሲኒ ብቻ ነው የሚሞላው። ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ ለማፍሰስ ግን ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት፤ አለበለዚያ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ሳይሞላ መንገድ ላይ ይረጋል። ማውጫው ብረት ነው። አስቀድሞ ይሞቃል፣ ደርቆም መሆን አለበት፤ አንዲት የውሃ ጠብታ ካለችበት በቅጽበት እንፋሎት ሆና የቀለጠውን ወርቅ ትረጨዋለች።

በዘመኑ ከጉድጓድ የመጣ ወርቅ ንጹህ ስላልሆነ ቦራክስ የሚባል ነጭ ጨው መሳይ ዱቄት ይጨመርበት ነበር። ቦራክሱ ቆሻሻውን ይዞ እንደ መስታወት ከላይ ይንሳፈፋል፣ ሲቀዘቅዝ በመዶሻ ይመታና ይላቀቃል። በማሳያው ላይ ይህን ደረጃ አያዩትም፣ ወርቁ አስቀድሞ የጠራ ነውና። ከፊት ለመቀመጥ ዐሥር ደቂቃ ቀድመው ይግቡ፤ ሲፈስስ የሚታየው ለጥቂት ሴኮንዶች ነው።

ከመሬት በታች ያለው ማዕድን የዱሮ ነው? ጠባብ ቦታ ለሚፈራ ሰውስ?

ኮረብታው በወርቅ ፍለጋ ዘመን በእርግጥ ተቆፍሯል። ጎብኚ የሚገባበት መተላለፊያ ግን ለደኅንነት ሲባል አምሳያ ሆኖ የተሠራ ነው። ሁለት ዓይነት ጉብኝት አለ፤ በራስ የሚገባበት የሬድ ሂል ማዕድንና በአስጎብኚ የሚገባባቸው። በአስጎብኚ ያሉት ለብቻ ይከፈልባቸዋል፣ ቦታቸውም ቶሎ ስለሚሞላ ጠዋት ይያዙ። ደረጃዎች አሉ፣ ጣሪያው ዝቅ የሚልበት ስፍራ አለ፣ ለአፍታ መብራት ጠፍቶ ድቅድቅ ጨለማ የሚሆንበትም አለ። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው በራስ በሚገባበት ቢጀምር ጥሩ ነው፤ ሲፈልግ ተመልሶ ይወጣል። ጉልበት ለሚያማቸው አዛውንቶች ደረጃው ይከብዳል።

«ዌልካም» የሚባለው ትልቅ ወርቅ የት አለ?

ዋናው የለም። ጁን 9 ቀን 1858 በባላራት ቤከሪ ሂል፣ 55 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ከእንግሊዝ ኮርንዎል የመጡ 22 ሰዎች ባሉበት ማኅበር ነው የተገኘው። ክብደቱ 69 ኪሎ ያህል፣ ንጽሕናው ከመቶ 99 በላይ ነበር። በ10,500 ፓውንድ ተሸጠ፣ ከአገር አገር እየዞረ ለሕዝብ ታየ፣ በ1859 ለንደን ውስጥ ቀልጦ ሶቭሪን የሚባለው የወርቅ ሳንቲም ሆነ። የሬድ ሂል ማዕድን ጉብኝት የሚተርከው የዚህን ወርቅ መገኘት ነው። በዓለም ከእሱ የበለጠው ከ11 ዓመት በኋላ እዚያው ቪክቶሪያ፣ ሞሊያጉል ውስጥ የተገኘው «ዌልካም ስትሬንጀር» ነው፤ እሱም ቀልጧል። አምሳያ ሲያዩ «ውሸት ነው» የሚሉ ልጆች ይኖራሉ። ትልልቅ ወርቆች የማይተርፉት ዋጋቸው በክብደታቸው ስለሆነ መሆኑን ይንገሯቸው።

ያ ከሩቅ የሚሰማው ድብደባ ምንድን ነው?

የድንጋይ መውቀጫው ነው። ሙቀጫና ዘነዘና ያስቡ፤ ዘነዘናዎቹ ብረት፣ ተራ በተራ የሚያነሣቸው ደግሞ የእንፋሎት ሞተር ነው። ላዩ ያለው ወርቅ ሲያልቅ የቀረው ነጭ ኳርትዝ በሚባል ጠንካራ ድንጋይ ውስጥ የታሠረው ነበር። ድንጋዩ ከውሃ ጋር ሙቀጫው ውስጥ ይገባል፣ እንደ ዱቄት እስኪደቅቅ ይወቀጣል፣ በወንፊት አልፎ ሜርኩሪ፣ በዱሮ አጠራሩ ባዜቃ፣ በተቀባ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ይፈስሳል። ወርቁ ከባዜቃው ጋር ተያይዞ ይቀራል፣ ድንጋዩ ያልፋል። ድብልቁ ከሰሌዳው ተፍቆ በቆዳ ይጨመቅና ይሞቃል፤ ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ያ ትነት መርዝ ነው፣ አእምሮንና ኩላሊትን ይጎዳል። ዛሬም በብዙ አገር ባህላዊ ወርቅ አውጪዎች በክፍት እሳት ላይ ስለሚያደርጉት ነገሩ የታሪክ ብቻ አይደለም።

እንፋሎቱ የሚመጣው በእንጨት ከሚነድ ማሞቂያ ነው። ማሞቂያ ቤቱን ገብተው ይዩ፤ እሳት የሚማግደው ሰው የውሃ መጠን ማሳያውን የመስታወት ቱቦ ደጋግሞ ያያል። ውሃው ከእሳቱ መንገድ በታች ከወረደ ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ማሞቂያው ይፈነዳል። ማሽኑ ሲመጣ የሰዉም ኑሮ ተለወጠ፤ ባለ ሳህኑ ነጻ ቆፋሪ የኩባንያ ደሞዝተኛ ሆነ።

መንኮራኩር ሠሪው ብረቱን ለምን ያግለዋል?

በሙዚየሙ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ሊታይ የሚገባው ይህ ቤት ነው። የሠረገላ መንኮራኩር በሚስማር ሳይሆን በመጨመቅ ነው የሚቆመው። መሀሉ ላይ ያለው ክብ ግንድ ተፈልፍሎ እንጨቶቹ ይሰኩበታል፣ ጫፋቸው ላይ የክቡ ቁርጥራጮች ይገጠማሉ። ከዚያ ዙሪያውን የሚያቅፈው የብረት ቀለበት ሆን ተብሎ ከእንጨቱ አነስ ተደርጎ ይሠራል። ቀለበቱ እሳት ላይ ሲግል ይሰፋል። 1 ሜትር ከ20 ስፋት ላለው መንኮራኩር ብረቱ በ500 ዲግሪ ቢግል ዙሪያው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። በጉጠት ተይዞ እንጨቱ ላይ ይወርዳል፣ እንጨቱ መጨስ ሲጀምር ውሃ ይደፋበታል። ብረቱ ሲኮማተር መገጣጠሚያው ሁሉ እየጮኸ ይጠብቃል።

ስህተቱም በዚያው ይታያል። ቀለበቱ ከሚገባው በላይ ካነሰ እንጨቶቹን ያጎብጣል፣ ከሰፋ በበጋ እንጨቱ ሲደርቅ ተንሸራቶ ይወድቃል። ውሃው ከዘገየ እንጨቱ ይከስላል። ከጎን ሲያዩት መንኮራኩሩ ጠፍጣፋ ሳይሆን እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ነው። ፈረስ ሲራመድ ሠረገላውን ግራ ቀኝ ስለሚገፋው ጠፍጣፋው ይገለበጣል፤ ጎድጓዳው ይቋቋማል።

ከረሜላው እንዴት ነው የሚሠራው?

ስኳርና ውሃ እስከ 150 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቀዝቃዛ ሰሌዳ ላይ ይፈስሳል፣ ቀለምና ጣዕም ይጨመርበታል፣ ሲረጋ እንደ ሊጥ ይታጠፋል፣ በስተመጨረሻ ቅርጽ በተቀረጸባቸው ሁለት የነሐስ ተሽከርካሪዎች መሀል ያልፋል። ሙቀቱ ከጎደለ ከረሜላው ጥርስ ላይ ይጣበቃል፤ ካለፈ ይመርራል። ጊዜው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ ሠሪው እጁ ሳያርፍ ያወራል። ዝናባማ ቀን ላይ የገዙትን ከረጢቱን አጥብቀው ይዝጉት፤ እርጥበት ስቦ አንድ ላይ ይያያዛል።

የቻይናውያን ሰፈር ለምን ለብቻ ተሠራ?

በዘመኑም ለብቻ እንዲኖሩ ተደርገው ስለነበረ ነው። በ1850ዎቹ መጨረሻ በቪክቶሪያ 40,000 ያህል ቻይናውያን ነበሩ። መንግሥት በ1855 በመርከብ በሚገባ በእያንዳንዱ ቻይናዊ ላይ 10 ፓውንድ ቀረጥ ጣለ፤ ለሌላው መጤ ያልተጣለ ቀረጥ ነው። በዚህ የተነሣ ብዙ ሺህ ሰዎች በጎረቤት ደቡብ አውስትራሊያ ሮብ በምትባል ወደብ ወርደው፣ ዕቃቸውን በትከሻ ተሸክመው፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግር ተጉዘው ገቡ። ከሌላው ተጥሎ የቀረውን አፈር ደግመው እያጠቡ ወርቅ ያወጡ ነበር፤ ይህ ደግሞ እንደ ወንጀል ተቆጠረባቸው። ድንኳኖቹንና ቤተ መቅደሱን ሲጎበኙ ጊዜ ይስጡ። ከስደት ለመጣ ቤተሰብ ልጆችን ይዞ ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ ቦታ ሙዚየሙ ውስጥ የለም።

ቀይ ልብስ የለበሱት ወታደሮች ማን ናቸው? ተኩሱስ አያስደነግጥም?

የእንግሊዝ መንግሥት ጦር ናቸው። ከ1851 ጀምሮ ማንኛውም ቆፋሪ ወርቅ አገኘም አላገኘ በወር 30 ሽልንግ የፈቃድ ክፍያ ነበረበት። ፖሊስ ከጉድጓድ እያወጣ ፈቃድ ይጠይቅ፣ የሌለውን ያስር ነበር። ቁጣው ተጠራቅሞ ቆፋሪዎች ዩሬካ በሚባለው ቦታ ምሽግ ሠሩ፤ ዲሴምበር 3 ቀን 1854 ንጋት ላይ ጦሩ ደርሶባቸው ከ20 በላይ ቆፋሪዎችና ጥቂት ወታደሮች ሞቱ። በክህደት ከተከሰሱት 13 ሰዎች ሁለቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ አሜሪካዊው ጆን ጆሴፍና ጃማይካዊው ጄምስ ካምቤል። ጆሴፍ መጀመሪያ ቀርቦ ነጻ ሲባል ሕዝቡ በሜልበርን ጎዳና ተሸክሞት ዞረ። ሁሉም ነጻ ወጡ። በ1855 ወርኃዊው ፈቃድ ተሽሮ በዓመት 1 ፓውንድ የሚከፈልበት፣ የመምረጥ መብትም የሚሰጠው ማይነርስ ራይት ተተካ። የዩሬካ ቦታ ሶቭሪን ሂል ውስጥ ሳይሆን ባላራት ከተማ ውስጥ ለብቻው ያለ ነው።

ተኩሱ ጥይት የለበትም፣ የባሩድ ድምፁ ግን ከባድ ነው። ጦርነት አይተው የመጡ ወላጆች ወይም ልጆች አብረውዎት ካሉ አስቀድመው ይንገሯቸው፣ በዚያ ሰዓትም ከዋናው መንገድ ራቅ ብለው ይቆዩ። ፈረሶችም እንኳ የተለማመዱ ናቸው፤ ያልተነገረው ሰው ግን ይደነግጣል።

ሙዚየሙ የማያሳየው ምንድን ነው?

ሽታውን። በ1850ዎቹ ባላራት የሰው ሰገራ፣ የከብት ሬሳና የመጠጥ ውሃ ተቀራርበው የነበሩባት ከተማ ናት፤ ተቅማጥና ታይፎይድ ሕፃናቱን ይጨርስ ነበር። ዛሬ የምናየው መንገድ ንጹህ ነው፣ በዙሪያውም ዛፍ አለ። ያኔ ደን የሚባል አልተረፈም፤ ለጉድጓድ ድጋፍ፣ ለቤትና ለማገዶ ተጨፍጭፏል።

ቦታው ባዶ እንዳልነበረም መታወቅ አለበት። የዋዳውሩንግ ሕዝብ ምድር ነው፤ ባላራት የሚለውም ስም የመጣው ከቋንቋቸው ነው፣ ማረፊያ ማለት ነው። ወርቅ ፈላጊው ሲጎርፍ የሚያድኑበት ደንና የሚጠጡበት ጅረት ባጭር ጊዜ ተበላሸባቸው። ያም ሆኖ መንገድ እየመሩ፣ ከፖሰም ቆዳ የሰፉትን ካባ ለቆፋሪዎች እየሸጡ ከአዲሱ ገበያ ጋር ይሠሩ ነበር። ሙዚየሙ ይህን ታሪክ አካትቷል፤ ሆኖም በአካባቢው ካለው ቤትና ማሽን ብዛት አንጻር ጎብኚው ፈልጎ ካላየው በቀላሉ ያልፈዋል።

ሻኪሶን ወይም አሶሳን ለሚያውቅ ሰው ምን አዲስ ነገር አለው?

ማጠቡ አዲስ አይሆንበትም። በገበቴ ወርቅ ሲያጥቡ ያደገ ሰው ከጅረቱ ዳር ካሉት አሳዪዎች ባይበልጥ እንጂ አያንስም። አዲስ የሚሆንበት የጉድጓዱ ግድግዳ ነው። በድንኳን ሰፈሩ ያሉትን የጉድጓድ አፎች ጎንበስ ብሎ ይይ። የባላራት ቆፋሪዎች ልል አፈርና ውሃ ያለበት ንብርብር ሲገጥማቸው አራቱንም ግድግዳ የተፈለጠ ግንድ እየደረደሩ፣ ማዕዘኑን እርስ በርሱ እያሰሩ ነበር የሚወርዱት። ሥራውን ያዘገየዋል፣ እንጨቱም ውድ ነበር፤ ግን ያለ እንጨት የወረደ ጉድጓድ ከዝናብ በኋላ ይከደናል።

ሌላው አየር ነው። ከጉድጓዱ አፍ በላይ እንደ ሸራ ክንፍ የተወጠረ ጨርቅ ነፋሱን ይይዝና በሸራ ቱቦ እስከ ታች ያወርደዋል። ሞተር የለውም፣ ጨርቅ፣ ገመድና ሁለት እንጨት ነው። ታች ያለው ሰው ሻማውን ያያል፤ ነበልባሉ ሲደክም አየሩ እየከፋ ነው፣ ሲጠፋ ባልዲውን ሳይጠብቅ ይወጣል።